አስፋልት የተሻገረው አልጋ

አስፋልት መሻገር ያቃተው ሰው ስለ ዓለም ባይጽፍ መልካም ነበር። እኔ ግን ጽፌያለሁ። ስለ ታላላቅ ከተሞች አነሣስና አወዳደቅ፣ ስለ ጥንት ሰዎች የመንገድ ሥራ፣ አይቼው ስለማላውቀው ባሕርና በላዩ ስለተዘረጋው ድልድይ ሳይቀር ጽፌያለሁ። ባለፈው ክረምት ታዲያ ከደጄ ማዶ ካለው ሱቅ ጨው ልገዛ ወጥቼ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ቆሜ፣ ቆሜ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

«ሱቁ ተዘግቷል?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ክፍት ነው።»

«ጨው የለም?»

«ሞልቷል። ከወዲህ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

ባለቤቴ መጻሕፍቴ ወደተደረደሩበት ግድግዳ ዞር ብላ አየት አደረገችና፣ ያንን ጨው ያልነካው ወጥ ምንም ሳትናገር ጎረሰች። በትዳር ውስጥ ዝምታን የመሰለ ረጅም ንግግር የለም።

ከተማችን ኢሉባቦር ውስጥ ናት። ከመቱ ብዙም አትርቅም፤ ከጎሬም እንዲሁ። ስሟን አልጠራም። የማልጠራው ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ከምክር ቤቱ አባላት ገሚሶቹ ዘመዶቼ፣ የቀሩት ደግሞ የዕድሬ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ሰው ከዘመዱ ጋር ሊጣላ ይችላል። ከሚቀብሩት ሰዎች ጋር ግን እንዴት ብሎ ይጣላል?

በእኛ አገር ዝናብ ቤተሰብ ነው፤ እንግዳዋ ፀሐይ ናት። ስለዚህ አስፋልት ከመምጣቱ በፊት መንገዳችን ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ጭቃ ነበር። ያኔ ጭቃውን ሁላችንም እንረግመው ነበር፤ እኔም በጽሑፍ ረግሜዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ጭቃ ሳናውቀው የተሰጠን የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ማንም እሱን አልፎ አይበርም፤ ሹምም ሎሌም እኩል ይንፏቀቅ ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ ግን፣ ሲንፏቀቅ የኖረ ሁሉ የዘመናት ብሶቱን በአንድ ጊዜ ሊወጣ ተነሣ። ከመጠምዘዣው በላይ ካለው ዳገት አናት ጀምሮ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ቡና የጫነው መኪና ቁልቁል ሲለቀቅ ላየው፣ ታች ሠፈራችን ውስጥ መንግሥተ ሰማያት ተከፍታ ልትዘጋባቸው የሚሮጡ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን በአስፋልቱ ብቻ አይደለም። ምክር ቤቱም እጁን አግዟል።

አንድ ቀን የሕዝብ ውይይት ተጠራን። ሦስት ጉዳዮች ቀረቡ። መናኸሪያው መሃል ከተማውን ስላጨናነቀ ከከተማው ጫፍ፣ ከእኛ ሠፈር በታች ወዳለው ሜዳ ይዛወር፤ የፈረስ ጋሪ የከተማውን ገጽታ ስለሚያበላሽ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ይከልከል፤ ለእግረኛው ደህንነት ደግሞ እኛ ሠፈር ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ዜብራ ይቀባ። እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው እጄን ሲያይ ሁልጊዜ ጥርሱን ያመመው ሰው ይመስላል።

«መናኸሪያው ሲዛወር መኪናው ሁሉ በእኛ ደጅ ሊያልፍ ነው» አልኩ። «ዜብራው ደግሞ ቀለም እንጂ ግድግዳ አይደለም። የዚህ ከተማ ሰው ለማንም ቆሞ አያውቅም። ለዝናብ አይቆምም፤ ለወረፋ አይቆምም፤ ለቀለም ይቆማል ብላችሁ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ መላ ሰውነቴ ምላስ ይሆናል። ስለ መንገድ ታሪክ፣ ስለ ሰው ልጅ ተፈጥሮ፣ ስለ መንኮራኩር መፈጠር ተናገርኩ። ድንቅ ንግግር ነበር። ስጨርስ ሰብሳቢው፣ «ጋሼ፣ አስተያየትዎ ተመዝግቧል» አለኝ። ስብሰባ የለመደ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተመዝግቧል ማለት ነፍሱን ይማረው ማለት ነው። ሦስቱም ውሳኔዎች በጭብጨባ ጸደቁ። በዚያው የእግረኞች ደህንነት ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና፣ አንዱ ከኋላ፣ «እኚህ ጋሼ መንገድ ላይ ብዙ እውቀት አላቸው!» ብሎ ጠቆመኝ። የሚቃወም ሰው የሚቀጣው እንዲህ ነው።

ዜብራው ተቀባ። ቀለሙ ሳይደርቅ ዝናብ ጣለበትና ግማሹ ወደ ቦዩ ወረደ፤ የቀረው ወጣ ገባ ሆኖ የአሮጌ ሰው ጥርስ መሰለ። ያም ሆኖ ዜብራ ዜብራ ነው። በኮሚቴነቴ ከዳሩ ቆሜ ጃንጥላዬን ወደ መንገዱ ዘረጋሁ። ማንም አልቆመም። ጃንጥላዬ ግን የሆነ ሚኒባስ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎሬ ሄደ።

የሠፈራችን ልጅ ገመቹ ባጃጅ ይነዳል። አግኝቼ ጠየቅኩት።

«ገመቹ፣ ዜብራው ላይ ለምን አትቆምም?»

«ጋሼ ሙት! ብቆም ከኋላዬ ያለው ይወጣብኛል።»

«እሱስ ለምን አይቆምም?»

«እሱም ከኋላው ያለውን ፈርቶ ነዋ።»

«እና መጨረሻችን ምንድን ነው?»

«አንድ ሰው ይጀምር» አለኝ ሞተሩን እያስነሳ። «አንድ ሰው ይጀምርና እኔ ሁለተኛ ሆኜ ባልቆም ከምላሴ ጸጉር!»

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የጨውና የጃንጥላ ጉዳይ ነበር። የእትዬ አስካለ ነገር ሲመጣ ነው ሳቄ የቀነሰው።

እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። አባታቸው ከሸዋ መጥተው ጎሬ ጸሐፊ የነበሩ፣ ባላቸው ደግሞ የታወቁ አናጢ የነበሩ፣ ዛሬ ብቻቸውን ከዶሮዎቻቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ በራቸው ፊት ለፊት፣ አዴ ጫልቱ አሉ። ሁለቱ በአንድ ዘመን ተድረው፣ ፊት ለፊት ጎጆ ወጥተው፣ በአንድ ዘመን ወልደው፣ ባሎቻቸውን በየተራ የቀበሩ ናቸው። እትዬ አስካለ በኦሮምኛ ይቆጣሉ፤ አዴ ጫልቱ በአማርኛ ይቀልዳሉ፤ ሲያሙን ደግሞ ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀሉ ነው። በጭቃው ዘመን አንዳቸው ሌላቸው ቤት ሳይገቡ የዋሉበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መናኸሪያው ሲዛወር መንገዱ ወንዝ ሆነባቸው። እትዬ አስካለ አንድ ዓይን ብቻ ይዘው፣ አዴ ጫልቱ የሚያብጥ ጉልበት ይዘው፣ እንዴት ይሻገሩት? አንድ ቀን እትዬ አስካለ ሞክረው ባጃጅ ዘንቢላቸውን ይዞ ሄደ። እሳቸውን ያተረፋቸው ዘንቢሉ ቀድሞ መውጣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው በጩኸት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም በየበራቸው ላይ ይቆማሉ።

«ጫልቱ! እንዴት አደርሽ?»

«ጉልበቴ ሌሊቱን...» ይላሉ አዴ ጫልቱ፤ ከዚያ ቡና የጫነ መኪና ያልፋል። መኪናው ካለፈ በኋላ የሚሰማው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው፦ «...ኝ!»

ተሻለኝ ይሁን ባሰኝ ማን ይወቅ? እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ ያንን የጎደለ ቃል ሲፈልጉ ይውላሉ። ወደ እኔ አጥር ይመጡና፣ «አንተ ወጣት ነህ፣ ጆሮህ ደህና ነው፤ ምን አለች?» ይሉኛል። ወጣት የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለቀሩ ጥያቄያቸውን እወደዋለሁ፤ እኔም የሰማሁት ግን ያችኑ «ኝ» ነው።

አንድ ሰሞን አዴ ጫልቱ በራቸው ላይ ሳይወጡ ቀሩ። እትዬ አስካለ ጠሩ፤ መልስ የለም። ቀን አለፈ፤ ሌላም ቀን አለፈ። ጓደኛቸው በትኩሳት ተኝተው ሆስፒታል ደርሰው መመለሳቸውን እትዬ አስካለ የሰሙት ጎመን ሻጭ ነግራቸው ነው። ጎመን ሻጯ ደግሞ የሰማችው መቱ ገበያ ላይ ነው። ከደጃቸው ማዶ የሆነው ነገር መቱ ደርሶ ተመልሶ ነው የሰሙት።

በማግስቱ ጠሩኝ።

«እሻገራለሁ» አሉ።

«ልያዝዎትና ልሞክር?»

«አንተ ጨው ለመግዛት መሻገር አቅቶህ እኔን ልታሻግር? ሰምቻለሁ። እኔ የምሻገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ አልመለስም። ዕቃዬን ይዤ ጫልቱ ጋ እገባለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩበትን ቤት ጥለው?»

«ቤት ምን ያደርጋል? ስታመም ግድግዳ ይጠይቀኛል?»

ተነሥቼ ዕቃቸውን መቁጠር ጀመርኩ።

ዕቃቸው ብዙ አልነበረም፤ ችግሩ አልጋው ነው። ባላቸው ከዋንዛ እንጨት የሠሩት፣ ለሠርጋቸው የተሠራ፣ የማይፈታ አልጋ ነው። «ከወለድኳቸው ሁሉ የጠና እሱ ነው» ይላሉ። ባጃጅ ላይ አይወጣም። የፈረስ ጋሪ ነበር መፍትሔው፤ ጋሪ ደግሞ ተከልክሏል። ኮሚቴ መሆኔ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ ብዬ ቢሮ ሄድኩና ለአንድ ጋሪ ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ጋሪ አስፋልት ላይ መሄድ ክልክል ነው» አለኝ ሠራተኛው።

«አይሄድም፤ ይሻገራል።»

«ሲሻገር አይሄድም?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ የጥንት ጠቢባን ቢሰሙት ዓመት ይወያዩበት ነበር። እኔ ግን እጅ ነስቼ ወጣሁ። አልጋው በትከሻ ሊሻገር ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰብን። ተሸካሚዎቹ እኔና ሦስት የሠፈር ጎረምሶች፣ ከፊት መሪያችን ደግሞ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ዘለቀ። ጋሽ ዘለቀ ዝናብ ስለነበረ ያላቸውን አንድ ወፍራም ካፖርት ለብሰው መጡ፤ ጥቁር ነው። ፍራሹን ጠቅልለን በገመድ አሰርንና አልጋው ላይ በቁመቱ አጋደምነው። ትራሱን ከራስጌ፣ የብረት ድስቱን ከግርጌ አደረግን። ዕቃው እንዳይረጥብ እትዬ አስካለ ነጭ ጋቢያቸውን አምጥተው ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት፤ ዳር ዳሩንም ጠቀጠቁት። እሳቸው ደግሞ ለዝናቡ ብለው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተከናነቡ። የቤታቸውን በር ቆልፈው ዞር ሲሉ ዕንባቸው መጣ። የኖሩበት ቤት ነው፤ ባያለቅሱ ነበር የሚገርመው።

እኔ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ፊት ያለውን ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳላነበው አልፋለሁ። አራት ሰው በትከሻው የተሸከመው አልጋ፣ በነጭ ጋቢ የተሸፈነ ረጅም ነገር፣ ከፊት ጥቁር ካፖርት የለበሰ የዕድር ዳኛ፣ ከኋላ ነጠላ ዘቅዝቃ የምታለቅስ ሴት። አላየሁትም። እኔ የማስበው ስለ ትከሻዬ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ደረስን። ጋሽ ዘለቀ ከፊት ሆነው ገደል ዘቅዝቆ እንደሚያይ ሰው ቆም አሉ። እኔም መኪናው እስኪቀንስ ምሳ ሰዓት እንደሚደርስ አስቤ ትከሻዬን አመቻቸሁ።

ከዚያ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ጸጉሬ ይቆማል።

መጀመሪያ ያቆመው ከዳገቱ የሚወርድ የጭነት መኪና ነው። ያ ቁልቁለቱን የአባቱ ርስት አድርጎ የሚወርደው፣ ጥሩንባው ሕፃን የሚያስደነግጠው መኪና፣ ከሩቅ ሲያየን ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላው ሚኒባስ ቆመ፤ ሞተሩ ጠፋ። ባጃጆቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከታች ከመናኸሪያው የሚወጣው አውቶቡስ ቆመ፤ ሬዲዮው ሲዘፍን ነበር፤ ዘፈኑ ከግማሽ ተቆረጠ። በሮች ተከፈቱ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። ረዳቱ ወረደ። ተሳፋሪው ዝናብ እየመታው ወርዶ ከመኪናው ጎን ተሰለፈ። ከመኪናዎቹ ጣራ ውኃ አስፋልቱ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። መናኸሪያው ከተዛወረ ወዲህ በመንገዳችን ላይ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ፤ የወፍ ድምፅ።

ዜብራው ያልቻለውን፣ ምክር ቤቱ በጭብጨባ ያልቻለውን፣ እኔ በንግግርና በጃንጥላ ያልቻልኩትን፣ አንድ በጋቢ የተሸፈነ ፍራሽ ቻለው። ለማንም አይቆምም ብዬ በአዳራሽ የተሳለቅኩበት ሕዝብ ከዳገት እስከ ቁልቁለት ቆሞ ነበር። ያዘዘው የለም፤ ያፏጨበት የለም፤ የሚከስሰውም የለም። ማን እንደሞተ እንኳ አያውቅም። ተቃዋሚነት ዕድሜዬን ሙሉ ያልተለየኝ ሰው፣ መሃል አስፋልት ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቃወመው ነገር አጣሁ።

በዚያው ላይ፣ ከወዲህም ከወዲያም ለመሻገር ስንት ጊዜ የቆመ ሰው ኖሯል! እንሥራ የያዘች፣ በግ የሚጎትት፣ ተማሪው፣ እርጉዟ፣ ሁሉም አልጋውን ተከትሎ ተሻገረ። ባሕር የተከፈለ መሰለኝ።

የመደነቄ ዋጋ ግን ወዲያው ተጠየቀ። በእኛ አገር ቀብር ያጋጠመው ሰው ቆሞ ብቻ አያሳልፍም፤ ጥቂት ይሸኛል፤ ጉልበት ካለውም ተሸካሚውን ያሳርፋል። አንድ ሾፌር ትከሻዬ ሥር ገባና፣ «ያምጡ ጋሼ፣ እኛ እያለን!» ብሎ ተቀበለኝ። ሌላው ጎረምሳውን አሳረፈ፤ ሌላውም ሌላውን። ገመቹም ባጃጁን ጥሎ መጥቶ ራስጌውን ያዘ። አዲሶቹ ተሸካሚዎች ብርቱዎች ስለነበሩ አልጋው እንደ ላባ ተነሣና ፍጥነት ጨመረ። ትከሻዬ ሲቀለኝ ያመሰገንኩት እግዜር ምስክሬ ነው። ቀና ስል ግን አልጋው የአዴ ጫልቱን አጥር አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ እየታጠፈ ነው።

ሮጥኩ። አንዱን ተሸካሚ ክንዱን ያዝኩና፣ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ አልጋ ነው» አልኩት።

«አዎ ጋሼ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ማንም የማያመልጠው አልጋ ነው።»

ጋሽ ዘለቀ ከፊት ናቸው። ዞር ብለው እንዳያቆሟቸው፣ ሕይወታቸውን ሙሉ ከአልጋ ፊት ሲሄዱ ወደ ኋላ ዞረው አያውቁም። በኋላ ስጠይቃቸው፣ «ሕዝቡ ሲበዛ እኔም የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ከኋላ፣ «አልጋዬን! አልጋዬን ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብለው ጮኹ። ከአውቶቡሱ የወረዱት ሴቶች ወዲያው ተቀበሏቸው፤ «አልጋሽን! ወይኔ አልጋሽን!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እትዬ አስካለ በጮኹ ቁጥር ልቅሶው ይደምቃል።

ከሸኚዎቹ መሃል የምክር ቤቱን ሰብሳቢ አየሁት። ጫማው ጭቃ ሆኗል። አንገቴን አቅፎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ» አለኝ። ከጎኑ የትራፊክ ፖሊሱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አጽናኑኝ፤ እኔም ግራ ስለገባኝ ተጽናናሁ።

ሁሉንም ያቆመው ሳቅ አልነበረም። ጩኸት ነው።

አዴ ጫልቱ ጠዋቱን ሙሉ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ጓደኛቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ያዩት ግን ከአስካለ ቤት የወጣ በነጭ የተሸፈነ አልጋ፣ ከፊቱ ጋሽ ዘለቀ፣ ከኋላው የሚያለቅስ ሕዝብ ነው። በዝናቡና በሕዝቡ መሃል ሌላ ነገር ሊታያቸው አልቻለም። አልጋው ደጃቸውን አልፎ ሄደ። ያቺ ጉልበቷ አስሯት ከደጇ የማትርቅ ሴት ምርኩዟን ጥላ ወጣች። «አስካለኮ! አስካለኮ!» ይላሉ፤ የእኔ አስካለ ማለታቸው ነው። በጉልበታቸውም፣ በእጃቸውም፣ በምን እንደመጡ አላውቅም። አልጋውን ከተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ጎትተው አወረዱት።

«ሳታዪኝ ሄድሽ? በአንድ መንገድ ስፋት ተለይተን ሳታዪኝ ሄድሽ?»

ያ ሁሉ ሾፌር አስፋልቱን አየ፤ ሰብሳቢውም አስፋልቱን አየ። እኔም የማየው ቦታ ስላጣሁ አስፋልቱን አየሁ።

አዴ ጫልቱ ጋቢውን ገለጡ። ትራስ ወጣ። ፍራሽ ወጣ። የብረት ድስቱ እየተንኳኳ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

ከኋላ ሕዝቡን በክርናቸው እየከፈሉ እትዬ አስካለ ደረሱ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? በዝናብ ትወጫለሽ፣ በዚህ በሽታሽ?»

አዴ ጫልቱ አዩዋቸው። ቀስ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ያንን ሞራ የሸፈነውን ዓይን፣ ያንን ዕንባ ያራሰውን ጉንጭ።

«አልሞትሽም?»

«ምን በወጣኝ! ተሻገርኩ እንጂ።»

አዴ ጫልቱ ወደ ሕዝቡ ዞር አሉና በአማርኛቸው፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ምን ላበላው ነው?» አሉ። መጀመሪያ የሳቀው ገመቹ ነው። ከዚያ ሳቁ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ተነሥቶ እስከ ዳገቱ አናት ወጣ። የተቆጣ ሰው አልነበረም። አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ብቻ፣ «ያለቀስኩት እንባ ተመላሽ አይሆንም?» ሲል ሰምቻለሁ። አልጋውን ሾፌሮቹ ራሳቸው መልሰው አዴ ጫልቱ ቤት አስገቡት። «ኮታ፣ ኮታ» ይላሉ አሮጊቷ፣ ኑ ማለታቸው ነው፤ ቤት የነበረ ቆሎ ሁሉ አለቀ።

በሚቀጥለው የምክር ቤት ውይይት አንድ ሰው ተነሥቶ አልጋው ዜብራው አጠገብ በቋሚነት እንዲቀመጥና እግረኛ በተራ እየተሸከመው እንዲሻገር ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ ዘለቀ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «በሞት አይቀለድም» አሉ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ የሚቃወሙት የለም?» አለኝ። የለም አልኩ። አዳራሹ ደነገጠ። ያቺን «ሳታዪኝ ሄድሽ» ያለች ድምፅ ሰብሳቢውም የሰማት ይመስለኛል፤ ከመጠምዘዣው በታች የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ ሲባል ማንም ሳያጨበጭብ እሱ ቀድሞ እጁን አወጣ። ጉብታው እስካሁን አልተሠራም። ዝናቡ እስኪያባራ እየተጠበቀ ነው ተብሏል፤ የእኛን አገር ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን የቀረው የዶሮዎቹ ነገር ነው። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ተሻግሬ አልመለስም ያሉት ዶሮዎቹን ሳያማክሩ ኖሯል። ዶሮዎቹ ማዶ ተወስደው፣ በማግስቱ አንዷ በአጥር ሾልካ ወደ ቀድሞ ቤቷ ስትመለስ ጎማ ሥር ለጥቂት ተረፈች። ስለዚህ እዚያው በነበሩበት ይሁኑ ተባለ፤ እትዬ አስካለም ጠዋት ጠዋት ሊያበሏቸው መመላለስ ግድ ሆነባቸው።

የመጀመሪያው ጠዋት በመስኮቴ አየሁ። እትዬ አስካለ ከማዶ፣ የፈራረሰው ዜብራ ዳር በነጠላቸው ተከናንበው ቆመዋል። በእጃቸው የዶሮ መኖ አለ። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ከዳገቱ ገመቹ እየበረረ ይወርዳል።

አያቸው። ፍሬኑን ያዘ። ባጃጁ ተንሸራቶ፣ ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመ። ከኋላው የነበረው ሊወጣበት ምንም አልቀረውም፤ እሱም ቆመ። ከእሱ ኋላ ያለውም ቆመ።

«ምንድን ነው የምታቆመው?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

ገመቹ አንገቱን አውጥቶ፣ «ቆመን የሸኘናቸው ሴት ናቸው!» አለው። «ቅዳሜ አልቅሼላቸው ዛሬ ልገጫቸው?»

የጮኸው ሰው ሞተሩን አጠፋ።

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተራመዱ። የሚቸኩሉ ሴት አይደሉም፤ በዚያ ላይ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። እኔም ከወዲህ በኩል ወደ ማዶ ተሻገርኩ፤ አጋጣሚ ነው፣ ያመልጠኛል ብዬ። ሱቁ ገብቼ ጨው ገዛሁ። ስወጣ ከኋላዬ ሌሎች ሲሻገሩ አየሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በሠፈራችን ብዙ ሰው የገበያ ሰዓቱን በእትዬ አስካለ ዶሮዎች ቁርስ አስተካክሏል።

ያን ጠዋት ግን እትዬ አስካለ መሃል አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ፣ መኪናው ሁሉ ዝም ብሎ ሳለ፣ አዴ ጫልቱ ከበራቸው ላይ በልማዳቸው ጮኹ።

«አስካለ! ጉልበቴ ሌሊቱን በጣም ተሻለኝ!»

ዓረፍተ ነገሩ ከአፋቸው ወጥቶ አንድም ቃል ሳይቆረጥ ወደ ማዶ ደረሰ። ሾፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም ሰማው። ከጎሬ በመጣው ሚኒባስ ውስጥ የነበረ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው፣ በመስኮት አንገቱን አወጣና፣

«እሰይ! እግዜር ይመስገን!» አለ።